«በሞቴ» ለጉርሻ እንጂ ለብርጭቆ አይሁን

ጥቅምት 21 ሊደርስ ነው። እዚህ ቨርጂኒያ የጎረቤቶቼ በረንዳ በዱባ፣ በሸረሪት ድርና በፕላስቲክ አፅም ተሞልቷል። እኔም እንደ አምናው ቤቴ ሰው ጠርቻለሁ። «ሃሎዊን የፈረንጅ ነው፣ የሰይጣን ነው» ብላችሁ እንደምትመጡብኝ አውቃለሁ፤ እሱ ክርክር ለሌላ ቀን ይቆየን። በልጅነቱ ሆያ ሆዬ ብሎ ቤት ለቤት እየዞረ ሙልሙል የተቀበለ ሰው ግን ልጆች ከረሜላ ሲሰበስቡ ቢያይ ብዙም ሊገርመው አይገባም። የዛሬው ጉዳዬ ብርጭቆው ውስጥ ያለው ነው።

አምና ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ የሮማን ጭማቂና ፕሮሴኮ ቀላቅዬ ነበር የጠበቅኳቸው። ቀለሙ ደም የመሰለ፣ ጋዙ ሽው የሚል ነበር። የገባው ሁሉ ስልኩን እያወጣ ፎቶ አነሳው። ለማይጠጣውስ ምን አዘጋጀሁ? የቧንቧ ውሃና ከፍሪጅ ጥግ የተገኘ ሁለት ሊትር ስፕራይት፣ ያውም ጋዙ የወጣ።

አንድ የልብ ጓደኛዬ በፕላስቲክ ኩባያ ውሃ ይዞ ጥግ ላይ ቆመ። እኔም የሐበሻ ወግ ይዞኝ ብርጭቆ ሞልቼ ሄድኩበት።
«በሞቴ፣ አንዷን ብቻ!»
«ይቅርብኝ ወንድሜ።»
«እኔ ልሙት! ለኔ ስትል!»
ሌሎቹም አገዙኝ። ብርጭቆውን ተቀበለኝ፣ መስኮቱ ጠርዝ ላይ አስቀመጠው፣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ «ነገ በጠዋት ሥራ እገባለሁ» ብሎ ጃኬቱን አንስቶ ወጣ። መጠጥ ካቆመ ሰባተኛ ወሩ እንደነበር የሰማሁት ከገና በኋላ ነው። ያን ምሽት መኪናው ውስጥ ተቀምጦ «ተመልሼ ልጠጣው ወይስ ልሂድ» እያለ ሃያ ደቂቃ ከራሱ ጋር ሲታገል እንደቆየ ራሱ ነገረኝ። እኔ ግን እላይ ቤት ሆኜ «ዛሬ ምን ነካው?» እያልኩ ነበር።

በሞቴ ማለት የፍቅር ቃል ነው። እናቶቻችን ጉርሻ ሲያጎርሱን የሚሉት ነው፤ አንድ ጉርሻ ቢበዛብን ከሆድ ቁርጠት አያልፍም። ከገበታው ተነስቶ ወደ ብርጭቆ ሲዛወር ግን ሌላ ነገር ይሆናል። እንቢ ያለው ሰው ምክንያት እንዲያቀርብ ይገደዳል። አንዷ አርግዛለች፣ ገና ለማንም አልተናገረችም። አንዱ መድኃኒት ላይ ነው። አንዱ ሙስሊም ነው፣ አንዷ ጾም ይዛለች። እንደ ጓደኛዬ ደግሞ በቀላሉ የማይነገር ትግል ላይ ያለ አለ። የግብዣ ቤት የፖሊስ ጣቢያ ይመስል ለምን አስመርምረን እናስለፈልፋቸዋለን?

ደግሞ ከመካከላችን ስንቱ ነው እንጀራው መሪ ላይ የሆነ! በቨርጂኒያ ሕግ በደም ውስጥ ያለው አልኮል 0.08 በመቶ ከደረሰ አሽከርካሪው ጥፋተኛ ነው። የመጀመሪያው ቢሆን እንኳ ቢያንስ 250 ዶላር ይቀጣል፣ መንጃ ፈቃዱን ለአንድ ዓመት ይነጠቃል። ታክሲ እየነዳ ቤተሰብ ለሚያስተዳድር፣ አገር ቤትም ለሚልክ ሰው ያ አንድ ዓመት ምን ማለት እንደሆነ አልነግራችሁም።

ታዲያ መጠጥ ይቅር እያልኩ አይደለም። እኔም እጠጣለሁ። የምለው አሠራሩን እንገልብጠው ነው፤ ውበቱን ለአልኮሉ ብቻ አንስጠው።

ዘንድሮ እንዲህ አድርጌያለሁ። አንድ ኩባያ ማር ከአንድ ኩባያ ውሃ፣ ከተቀጠቀጠ ዝንጅብል፣ ከአንድ እንጨት ቀረፋና ከአራት አምስት ቅርንፉድ ጋር ለስለስ ባለ እሳት አሥር ደቂቃ ጥጄ፣ አጥልዬ አቀዘቀዝኩት። ሽታው ቤቱን ሲሞላው የብርዝና የሻይ ቅመም ነገር አለው፣ አገር አገር ይላል። በየብርጭቆው አንድ የሾርባ ማንኪያ ከዚህ፣ ሩብ ብርጭቆ የሮማን ጭማቂ፣ ጠብ የሚል ሎሚ። ከዚያ ሁለት ዓይነት ጠርሙስ፦ አንዱ ፕሮሴኮ፣ አንዱ አምቦ ውሃ። ከሐበሻ ሱቅ አምቦ ካጣችሁ ማንኛውም ጋዝ ያለው ውሃ ይሆናል። ሁለቱም በደንብ መቀዝቀዝ አለባቸው፤ ሲሞቅ ጋዙ ቶሎ ይለቃል። ጋዝ ያለው ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ፣ ብርጭቆው ዘንበል ተደርጎ በቀስታ ይቀዳል። አይማሰልም።

ሁለቱም አንድ ቀለም ስለሆኑ ማን ምን እንደያዘ ከሩቅ አይለይም። ደስ የሚለውም አደገኛውም ይኸው ነው፤ መጠጥ ያቆመ ሰው ተሳስቶ የሌላውን ሊያነሳ ይችላል። ስለዚህ ጎድጓዳ ሳህኑን ትቼ እየጠየቅኩ ራሴ እቀዳለሁ፣ ፕሮሴኮ ያለበት ላይም አንድ ዘለላ የጥብስ ቅጠል እሰካለሁ።

ማስፈራሪያውስ? ቲክቶክ ላይ ያያችሁትን ጭስ የሚያወጣ ደረቅ በረዶ ተጠንቀቁ። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ነው፤ ቆዳን ያቃጥላል፣ ከተዋጠ ሆድ ዕቃ ይጎዳል፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥም አየሩን ያፍናል። በ2020 እ.ኤ.አ. ሞስኮ ውስጥ ለልደት ድግስ መዋኛ ገንዳ ውስጥ ጨምረውት ሦስት ሰዎች ሞተዋል። በእንግሊዟ ላንካስተር ደግሞ በ2012 አንዲት የ18 ዓመት ልጅ ልደቷን ስታከብር ፈሳሽ ናይትሮጅን የተጨመረበት ኮክቴል ጠጥታ ጨጓራዋ በቀዶ ጥገና ወጥቷል። መጠጥ የሚያጠቁረው የከሰል ዱቄትም እንደዚያው ነው፤ የዋጣችሁትን መድኃኒት መጥጦ ከጥቅም ውጭ ያደርገዋል። የኒውዮርክ ከተማ ጤና ቢሮ በ2018 ምግብ ቤቶች እንዳይጠቀሙበት የከለከለው በከንቱ አይደለም።

እኔ የታጠበ፣ ዱቄት የሌለው የምግብ ጓንት ውስጥ ውሃ ሞልቼ አቀዘቅዛለሁ። ጓንቱ ሲገፈፍ የሬሳ እጅ የመሰለ በረዶ ይወጣል፤ የጠርሙሶቹ ማቀዝቀዣ ባልዲ ውስጥ እተክለዋለሁ። የቆርቆሮ ሊቺ መሀሉ ላይ ብሉቤሪ ሲወተፍበት ደግሞ የሚያፈጥ ዓይን ይሆናል። ባለፈው ሳምንት አንዱን ሞክሬ ፍሪጅ ውስጥ ረስቼው፣ ሌሊት ውሃ ልጠጣ ስከፍት እኔው ራሴ ደንግጫለሁ።

ጓደኛዬ ዘንድሮ ይመጣል። «ምን ይዤ ልምጣ?» ብሎ ሲጽፍልኝ አምቦ አልኩት። ስድስት ጠርሙስ።