በክረምት «አርፈህ ተቀመጥ!» ብቻ መፍትሄ አይሆንም



ሐምሌና ነሐሴ ደሴ ላይ ምን እንደሚመስሉ ለእናንተ አይነገርም። ጦሳ በጉም ይሸፈናል፤ ከተማችን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ልጆች ጠዋት መድረሳ ቁጭ ብለው ሲቀሩ ይውሉና ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አንድ ክፍል ውስጥ ያግታቸዋል። ያኔ ሩጫው፣ ዝላዩ፣ ግፊያው ይጀመራል። የእኛም መልስ የታወቀ ነው፦ «አርፈህ ተቀመጥ!»፣ ካልሆነ ቁንጥጫ፣ አለያም ሞባይል አስይዞ ዝም ማሰኘት።

በእኔ እምነት ጥፋቱ የልጁ አይደለም። ልጅ የሚሮጠው እኛን ሊያበሳጭ ሳይሆን አካሉ ስለሚጠይቀው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 (እ.ኤ.አ) ባወጣው መመሪያ የ3 እና የ4 ዓመት ልጆች በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ፣ ስክሪን ፊት ደግሞ ከ1 ሰዓት በላይ እንዳይቀመጡ ይመክራል። ከ5 ዓመት በላይ ላሉትም በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ያስፈልጋቸዋል።

«ቤታችን ጠባብ ነው» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ግን ይቻላል። በመጀመሪያ የከሰል ምድጃውና ጀበናው ከክፍሉ ይውጡ። የሚዘል ልጅና የጋለ ጀበና አብረው አይሆኑም። በተዘጋ ቤት የሚነድ ከሰል ደግሞ ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ስለሚያወጣ ይገድላል። ከዚያ ፍራሹን መሬት አውርዱና ይገላበጡበት። ወለሉ ላይ በጠመኔ ሰኞ ማክሰኞ ይሰመር። የካልሲ ኳስ ቅርጫት ውስጥ ይወርውሩ። ሲደክማቸው እጃቸው ይጫወት፦ ከሊጡ ቆርሳችሁ ስጧቸውና ያድቦልቡሉት፤ ዓይናቸውን ሸፍነው ባቄላን ከሽንብራ በዳሰሳ ይለዩ። ከ3 ዓመት በታች ላሉት ግን ጥራጥሬ አትስጡ፤ ጉሮሯቸውን ሊዘጋ ይችላል። ኮምቦልቻ ያላችሁ አየሩ ሞቅ ስለሚልላችሁ ዝናቡ ባባራ ቁጥር ደጅ አውጧቸው።

ይህ የእናቶች ሥራ ብቻ አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የልጅ ልጃቸውን ኡማማን ተሸክመው መስገዳቸው በሰሒሕ ሐዲስ ተዘግቧል። እሳቸው በሰላት ውስጥ ሆነው ሕፃንን ካልገፉ፣ እኛ አባቶች ከመግሪብ እስከ ዒሻ ካለው ጊዜ ሩብ ሰዓት ለልጆቻችን ብንሰጥ ምን ይጎድልብናል?

አላህ ልጆቻችንን በጤና ያሳድግልን። አሚን!