የ13 ወር ጸጋ፣ የ12 ወር ደሞዝ

እንቁጣጣሽን እወዳለሁ። እንቁጣጣሽን እፈራለሁም። ሁለቱ ስሜቶች ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ አብረው ይመጡብኛል። በአንድ በኩል አደይ አበባው፣ የቄጠማው ሽታ፣ በየደረጃው የሚሰማው የሕፃናት አበባየሆሽ አለ። በሌላ በኩል ደግሞ ስልኬ ላይ ያለው ቀሪ ሒሳብ። ጓደኞቼን ስጠይቅ ብቻዬን እንዳልሆንኩ ገባኝ። አንዷማ «በዓል ሲደርስ ሆዴን ይቆርጠኛል» ነው ያለችኝ።

ትልልቆቹ ይህን ሲሰሙ «የዘንድሮ ልጅ ባህሉን ረሳ» ይላሉ። እኔ አይመስለኝም። ባህሉን የረሳ ሰው ለምን ይጨነቃል? የሚጨነቀው በዓሉን በወጉ ማክበር የሚፈልግና ኪሱ እምቢ ያለው ነው። ስለዚህ ነገሩን እስቲ እንደ ሒሳብ እንየው።

ደሞዝ የሌለው ወር

 ጳጉሜን ብዙውን ጊዜ አምስት ቀን ናት። ወር ብለን እንጠራታለን እንጂ ደሞዝ የላትም። የነሐሴን ደሞዝ የተቀበለ ሰው ቀጣዩን የሚያገኘው መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። በመሃል 35 ቀን አለ፤ በየአራት ዓመቱ ደግሞ 36።

አንድ 12,000 ብር ተከፋይ እንውሰድ። በ30 ቀን ሲካፈል በቀን 400 ብር ይደርሰዋል። በ35 ቀን ሲካፈል ግን 343 ብር ገደማ ነው። ገና አንድ ኪሎ ሽንኩርት ሳይገዛ የቀን አቅሙ በ14 በመቶ ወረደ ማለት ነው። እርግጥ ነው፣ አከራይም የጳጉሜንን አይጠይቅም። ሆድ ግን ጳጉሜን የሚባል ነገር አያውቅም።

በእነዚህ 35 ቀናት ውስጥ የሚወድቀውን ወጪ ደግሞ ቁጠሩት፦ የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ ደብተር፣ ዩኒፎርም፣ እንቁጣጣሽ፣ ከዚያ መስከረም 17 መስቀል። ለጉራጌ ቤተሰብማ ዋናው ወጪ ገና መስቀል ላይ ነው፤ አገር ቤት የሚገባበት ትራንስፖርትም አለ። በዓመቱ ከባዱ ወጪ የሚመጣው ደሞዙ በጣም በሚሳሳበት ወቅት ነው። ይህን በብልሃት ማለፍ የሚችለው ቀድሞ ያስቀመጠ ሰው ብቻ ነው።

የማያስቀምጥ ሰው ምን ያደርጋል? ይበደራል። ድሮ ከጎረቤት ነበር፤ አሁን እንደ ቴሌብር መላ ያሉ የስልክ ብድሮች አሉ። ፈጣን ናቸው፣ ማንም አያይህም፣ ደጅ አትጠናም። ችግሩ የመክፈያ ጊዜያቸው አጭር ነው። በጳጉሜን የተበደርከው ዶሮ መስከረም ውስጥ «ክፈለኝ» እያለ ይመጣል።

ጭማሪው መጣ፣ ግን መቼ?

«ደሞዝ ተጨመረ አይደል?» ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ መንግሥት ከመስከረም 2018 ጀምሮ ለመንግሥት ሠራተኞች ጭማሪ እንደሚያደርግ አስታውቆ ነበር። ዝቅተኛው ደሞዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር፣ የአዲስ ዲግሪ ተመራቂ መነሻ ደግሞ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር እንዲያድግ ተወስኗል። ከሥራ ግብር ነፃ የሆነው ገቢም ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። ቀላል አይደለም፣ በጎ ነው።

ግን ቀኑን ተመልከቱ። የመስከረም ደሞዝ የሚገባው መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። ጭማሪው ለእንቁጣጣሽ አልደረሰም። ዜናው ግን ነሐሴ ላይ ደርሷል። ሻጭም ዜና ይሰማል። የሠራተኛው ኪስ ገና ሳይሞላ የገበያው ዋጋ ቀድሞ ቢዘጋጅ አይገርምም።

ከዚህ ሁሉ ውጭ ያለው ደግሞ የግሉ ዘርፍ ነው። እኔ በጽሑፍ ቁጥር የምከፈል ፍሪላንሰር ነኝ፤ ደሞዝ የሚጨምርልኝ የለም። የካፌ አስተናጋጇ፣ የሱቅ ሠራተኛው፣ የጥበቃው አባት እንደኔ ናቸው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደሞዝ ቦርድ ተቋቁሞ ዝቅተኛ ደሞዝ እንደሚወሰን ቢናገርም ለግሉ ዘርፍ እስካሁን የተቆረጠ መነሻ ደሞዝ የለም። ዶሮ ተራ ስንሄድ ግን ለሁላችንም አንድ ዋጋ ነው የሚጠራው።

ስለ ዋጋ ንረቱም አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ጊዜ ያሟግተናል። በ2014 ዓ.ም. ከ30 በመቶ በላይ የነበረው ዓመታዊ ንረት በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ 14 በመቶ ገደማ ወርዶ ነበር። ይህ ማለት ዋጋ ወረደ ማለት አይደለም። ቀድሞ በሩጫ ይወጣ የነበረው አሁን በእርምጃ እየወጣ ነው ማለት ነው። ደግሞም ያ ቁጥር የብዙ ዕቃዎች አማካይ ነው። የበዓል ቅርጫት አማካይ አይደለም፤ ዶሮ፣ እንቁላል፣ ቅቤና ሽንኩርት ናቸው። ከተማው በሙሉ እነዚህኑ አራት ነገሮች በእነዚሁ ሦስት ቀናት ይፈልጋቸዋል።

ሁለት ለሚ ኩራ

የምኖረው ለሚ ኩራ ነው። በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ 11ኛ ክፍለ ከተማ ሆነ። አንድ ክፍለ ከተማ ይባል እንጂ በበዓል ሰሞን ሁለት ሆኖ ይታየኛል።

አንዱ ለሚ ኩራ ውጭ አገር ዘመድ አለው። ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት 100 ዶላር ሲላክለት ባንክ የሚሰጠው 5,700 ብር ገደማ ነበር። ዛሬ ከ14,000 ብር በላይ ነው። ዘመዱ አንድ ዶላር ሳይጨምር የበዓሉ ገንዘብ ከእጥፍ በላይ ሆነ።

ሌላው ለሚ ኩራ የሚያገኘውም የሚያወጣውም በብር ነው። ሁለቱ ጎረቤታሞች ናቸው፤ አንዳንዴ በአንድ ኮሪደር ፊት ለፊት በር አላቸው። በበዓል ማግስት ልጆቻቸው አብረው ይጫወታሉ፣ የአዲስ ልብሳቸውን ነገር ያወራሉ። ወላጅን የሚያሳፍረው ድህነቱ ብቻ አይደለም። ፊት ለፊት ያለው በር ነው። አሁን ላይ ደግሞ ያ በር ቲክቶክ ላይም አለ።

ቅርጫው የት ገባ?

አያቶቻችን ይህን ጫና የሚያቃልሉበት ዘዴ ነበራቸው። ቅርጫን ውሰዱ። ጎረቤታሞች ገንዘብ አዋጥተው አንድ በሬ ይገዛሉ፣ ሥጋው እኩል በመደብ ይከፈላል፣ ከዚያ ዕጣ ይወጣል። የሚመድበው ሰው የትኛው መደብ እንደሚደርሰው ስለማያውቅ አድልቶ መመደብ አይጠቅመውም። አራት ዓመት የተማርኩት የኢኮኖሚክስ ትምህርት ከዚህ የተሻለ የፍትሐዊ ክፍፍል ምሳሌ አላሳየኝም። በአንዳንድ መሥሪያ ቤቶችም ሠራተኛው በጋራ በሬ ገዝቶ ክፍያው በየወሩ ከደሞዝ ይቆረጥ ነበር። የአንድ ቀን ወጪ ለብዙ ወር ተበተነ ማለት ነው።

ቅርጫ ግን ሁለት ነገር ይፈልጋል፦ የሚተማመን ጎረቤትና ቦታ። የኮንዶሚኒየም ግቢዎች ሲታቀዱ ከመኖሪያ ብሎኮቹ ጎን የጋራ መገልገያ ቤት ተሠርቶላቸው ነበር፤ እርድ የሚታረድበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ድግስ የሚደገስበት። በእኛ ግቢ ያ ቤት ዛሬ መጋዘን ነው። ዶሮ የሚታረደው ደረጃ ሥር ነው፤ ላባው እስከ አራተኛ ፎቅ ይበናል።

መተማመኑም እንዲሁ በአንድ ቀን አይመጣም። ከመሃል ከተማ በልማት ተነስተው እንደ ቦሌ አራብሳ ወዳሉ ሰፈሮች የመጡ ቤተሰቦች ቤታቸውን ብቻ አይደለም የለወጡት። ዕድራቸው፣ ዕቁባቸው፣ «እስከ ወር መጨረሻ ታገሺኝ» የሚሏት ባለሱቅ ሁሉ እዚያው ቀርተዋል። በዓሉ አብሯቸው መጣ፤ በዓሉን የሚሸከመው ትከሻ ግን አልመጣም። ለብዙ ሰው ጫናው የጨመረው ለዚህ ይመስለኛል። ድሮ ለሰፈሩ ይከፋፈል የነበረው ሸክም አሁን በአንድ ቤተሰብ ላይ፣ ብዙ ጊዜም ሥራ በያዘው አንድ ልጅ ላይ አርፏል።

ማጀቱን አንርሳ

ስለ ወጪ ስናወራ ብር የማይከፈልበትን እንዘለዋለን። ዶሮ ወጥ 12 ብልት አለው። ከዚያ በፊት ግን ሽንኩርቱ ተልጦ፣ ተከትፎ፣ ለሰዓታት ቁሞ ይቁላላል። እማዬ የበዓል ዋዜማን ተኝታ ያሳለፈችበትን ዓመት አላስታውስም። እኔና እህቴም አጠገቧ ነን። ወንድሜ ዶሮውን ባርኮ ካረደ በኋላ ግዴታው ያበቃል። ይህ ሥራ በአገር ውስጥ ምርት ስሌት ውስጥ አይገባም፤ ምክንያቱም ማንም ደሞዝ አልከፈለበትም። ብዙ ሴት ጓደኞቼ በዓልን ሲፈሩ የሚፈሩት ገንዘቡን ብቻ እንዳልሆነ ወንዶቹ ቢያውቁት ጥሩ ነው።

ታዲያ ይቅር?

አይቅር። እንዲያውም በዓል በጣም የሚያስፈልገው ኑሮ ሲከብድ ነው። ሥራ ስታጡ የሚያስጠጋችሁ፣ ስትታመሙ የሚደርስላችሁ በበዓል ቀን በሩን ያንኳኳችሁት ሰው ነው። መደበኛ ዋስትና ለጥቂቶች ብቻ በሚደርስበት አገር ዘመድ መጠየቅ ወግ ብቻ ሳይሆን መድንም ነው። የሚቆረጥ ነገር ካለ ይሉኝታውን እንቁረጥ፤ መሰብሰቡን አንንካ።

ለምሳሌ የ2018 እንቁጣጣሽ ሐሙስ ነበር። ዋዜማው ረቡዕ ጾም፣ ማግስቱ ዓርብ ጾም። ለሚጾም ቤት ለሦስት ቀን የሚበቃ ወጥ መሥራት ምን ይሠራል? አንድ ዶሮ በቂ ነው። ይህን ለእማዬ ስነግራት «ሰው ቢመጣስ?» አለችኝ። የሚመጣው ሰውም ቤቱ ሁለት ዶሮ ሠርቶ፣ እኔ ብሄድበትስ ብሎ ተጨንቆ ነው የሚመጣው። አንዳችን ቀድመን ብናሳንስ ለሁላችንም ይቀላል።

ለከርሞ ደግሞ ከአሁኑ እንጀምር። በወር 500 ብር በዓመት 6,000 ብር ነው፤ ብቻውን ለማስቀመጥ የሚከብደው ከጓደኞቹ ጋር ዕቁብ ይጣል። በርበሬ፣ ቅቤና ቅመም ጳጉሜንን መጠበቅ የለባቸውም፤ ከወራት በፊት በእሁድ ገበያ ወይም እዚሁ ለሚ ኩራ ባለው የግብርና ምርቶች የገበያ ማዕከል ይገዛሉ። የብሎካችሁ የቴሌግራም ግሩፕ ስለ ውኃ መጥፋት ብቻ ከሚያወራ ቅርጫም ያስተባብር፤ የጋራ ቤታችን ይመለስልን ብሎም ኮሚቴውን ይጠይቅ። ከሁሉ በፊት ግን ነሐሴ ሳይገባ ከቤተሰብ ጋር ቁጭ ብላችሁ «እኔ ይህን ያህል አለኝ» በሉ። ለመናገር ይከብዳል፤ ግን የአንድ ምሽት ሐፍረት ከአንድ ወር ዕዳ ይሻላል።

ወንዶች ሆይ፣ ሽንኩርት መላጥ ዲግሪ አይጠይቅም።

መልካም አዲስ ዓመት። ለሁላችንም የሰላምና የጥጋብ ይሁንልን።