ፐንክ ሮክ እና የኢትዮጵያ ሙዚቃ

ፐንክ ሮክ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ በኒው ዮርክና በለንደን የተነሣ የሮክ ሙዚቃ ዓይነት ነው። ዘፈኖቹ አጫጭር፣ ፈጣንና ጩኸት የበዛባቸው ነበሩ፤ ብዙ ባንዶችም ሸክላቸውን ያለ ትልልቅ ኩባንያዎች ራሳቸው ያሳትሙ ነበር። የቀደመውን ትውልድ ሙዚቃ መናቅም የተለመደ ነበር።

ይህ አመለካከት በኋላ ተለወጠ። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1979 በኔዘርላንድ የተመሠረተው «ዘ ኤክስ» የተባለ የፐንክ ባንድ፣ ሽለላን በሳክስፎን በመጫወት ከሚታወቁት ከጌታቸው መኩሪያ (1935–2016) ጋር «ሞአ አንበሳ» (2006) እና «የአንበሳው ትዝታ» (2012) የተሰኙ አልበሞችን ሠርቷል። 70 ዓመት ያለፋቸው ጌታቸው ዜማውን ሲመሩ ፐንኮቹ አጃቢ ሆኑ። ያልተለወጠው አሠራሩ ነው፦ አልበሞቹን ያወጣው የባንዱ ጊታሪስት የያዘው «ቴርፕ» የተባለ አነስተኛ አሳታሚ ነው።