የቹክቺ ባሕር ሒሳብ

ሼል በአላስካ ዳርቻ፣ በቹክቺ ባሕር ነዳጅ ለመፈለግ እ.ኤ.አ. በ2008 ወደ 2.1 ቢሊዮን ዶላር ከፈለ። ዓሣ ነባሪ እያደኑ የሚኖሩት የፖይንት ሆፕ ሰዎች ግን መንግሥትን ከሰሱ። በጥር 2014 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት፣ መንግሥት የሚወጣውን ዘይት 1 ቢሊዮን በርሜል ብቻ ብሎ መገመቱ መሠረት የለውም አለ። ኩባንያው በቀናት ውስጥ የዓመቱን ቁፋሮ ሰረዘ። በ2015 አንድ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ የሚያዋጣ ነገር ሲያጣ፣ ወደ 7 ቢሊዮን ዶላር አፍስሶ ወጣ።

ይህ እትም ባለአክሲዮኖች እንዲህ ያለውን ክስ እንዴት እንደሚመለከቱት ይመረምራል። ክሱን የመዘግየት ወጪ ብቻ አድርገው የሚያሰሉ አሉ፤ እኔ ከእነሱ ጋር አልስማማም። ግምቱ ከየት መጣ ብለው የጠየቁት ከሳሾቹ ናቸው፤ ገንዘቡን ያወጣው ሰውስ ለምን ቀድሞ አልጠየቀም? ዋናው ጽሑፋችን የሚጀምረው ከዚህ ነው።