ጦሳ የጎማ እርሻ አይደለም

ዛሬ ስለ ፖለቲካ አልጽፍም፣ ስለ ጎማ ነው። አትሳቁ።

አምና መስከረም አንድ ጓደኛችን ፎር ዊል ፒክአፕ ተውሶ ከኮምቦልቻ መጣና አራት ሆነን ጦሳ ወጣን። እኔ እንደምታውቁት ሥራ ያላገኘሁ ምሩቅ ነኝ፣ ቅዳሜና ማክሰኞ አንድ ናቸው። ሜዳው አደይ አብቅሏል። "ቪዲዮ እንሥራ" ተባለና ከፒስታው ወጥተን ሣሩ ላይ ሁለት ሦስቴ ዞርን። መኪናው ሰመጠ። መሬቱ ከላይ የደረቀ ይመስላል እንጂ ውስጡ የነሐሴን ውኃ እንደያዘ ነበር። ድንጋይ ስናስገባ፣ ስንገፋ፣ ጎማው በባዶ ሲሽከረከር ሣሩ ከነሥሩ ተነቀለ። ያወጡን ከብት የሚጠብቁ አንድ አባትና ልጆቻቸው ናቸው። ብር ብንሰጣቸው እምቢ አሉ። "አብሽሩ፣ መኪናችሁ ወጥቷል። እኛ ግን ከብቱን የምናበላው ይሄን ነው" አሉን።

መጋቢት ላይ በእግሬ ወጥቼ አየሁት። የበልጉ ዝናብ የጎማችንን ፈለግ ቦይ አድርጎታል።

ነገሩ ቀላል ነው። ጎማ እርጥብ አፈር ሲጫን ይጠቀጥቀዋል፣ ውኃ አይሰርግም፣ በፈለጉ ይወርዳል፣ ከዓመት ዓመት ቦረቦር ይሆናል። እርከን ላይ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። የወሎ ገበሬ በየዓመቱ በበጋ ያለ ክፍያ ወጥቶ የሚሠራው እርከን አንድ ቦታ ከተደረመሰ ውኃው ሁሉ ወደዚያ ነው የሚሰበሰበው። የቀናት ጉልበት ለአሥር ሰከንድ ቪዲዮ!

"ታንክ ያለፈበት አገር ላይ አንድ ላንድክሩዘር ምን ያመጣል?" የሚል አይጠፋም። እኔም ብዬዋለሁ። ግን እኮ የ2014ቱ ጦርነት ከመንገድ ላለመውጣት ተጨማሪ ምክንያት ነው። ውጊያ በነበረበት ቦታ ያልፈነዳ ነገር ሊኖር ይችላል፣ እረኛ የማይረግጠውን ጎማህ እንዲረግጠው አታድርግ።

"መሬቱ የሕዝብ ነው" የሚለውም አለ። ልክ ነው፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ታዲያ ሕዝብ ማለት ባለመኪናው ብቻ ነው? የመንዝ ሰዎች ጓሳን ለዘመናት ያቆዩት በቄሮ ሥርዓት ነው (ሌላ ነገር እንዳታስቡ፣ የድሮ የሣር ሕግ ነው)። ሜዳውን ለዓመታት ይዘጉታል፣ ሣሩ ሲደርስ ተነጋግረው ይከፍቱታል። የወል መሬት እንዲህ ነበር የሚያዝ። እኛ ጋ ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ፓርክ ውስጥ ቀይ ቀበሮ አለ። በዓለም የቀረው በጥቂት መቶዎች የሚቆጠር ነው፣ የሚኖረውም ጉድጓድ ቆፍረው የሚኖሩ አይጦችን በልቶ ነው። ጉድጓዱን በጎማ ከደፈንከው ቀበሮው ምን ይብላ?

አሜሪካኖች መኪና መንዳት ሲወዱ ለጉድ ነው፣ ግን በ1985 በእነሱ አቆጣጠር የደን መሥሪያ ቤታቸው "ትሬድ ላይትሊ" የሚል ዘመቻ የጀመረው ይሄው ችግር ስለገጠማቸው ነው። በቀስታ ርገጥ እንደማለት ነው።

እኔ መንዳት አልጠላም፣ ባለመኪና ብሆን የመጀመሪያው እኔ ነበርኩ። የሐረጎን ጠመዝማዛ ማን ይጠላል? ግን ሐምሌና ነሐሴ ከፒስታ አትውጡ። ዝናብ ካቆመ በኋላም መሬቱን ወርዳችሁ በእግራችሁ ርገጡት፣ ጫማችሁ ከሰመጠ መኪናውም ይሰምጣል። የተጎዳ መንገድ ስታገኙ ጎን ለጎን አዲስ አትክፈቱ፣ የየጎፍ ደን ዳር ላይ ሆነ ሜዳ ላይ አንዱ መንገድ ሦስት የሚሆነው እንዲያ ነው። ሐይቅ ስትወርዱ መኪናችሁን ውኃው ውስጥ አስገብታችሁ አትጠቡ፣ ሰው ይጠጣዋል። እረኛ ካያችሁ ቁሙና ጠይቁ፣ የትኛው ሜዳ እንደሚያሰምጥ ከጉግል ማፕ በላይ ያውቃል።

አንድ ነገር ደግሞ ለእኛ መኪና ለሌለን። ጭቃ የሚበትን መኪና ስናይ ላይክ የምናደርገው እኛ ነን። እኔ የዚያን ቀኑን ቪዲዮ አጥፍቼዋለሁ፣ ጓደኛዬ ግን እስካሁን ስልኩ ላይ አለ።

ከአዲስ አበባ በፎር ዊል የምትመጡ፣ መንገዱን የሚያሳይ ልጅ ከፈለጋችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ጊዜ በሽ ነው።