ወለል ጠራጊው የአየር ኃይል አዛዥ

የጦሳ ልጅ፣ ከደሴ

ባለፈው ሰኞ፣ ሰኞ ገበያ ውስጥ በርበሬ በጣሳ እየሰፈረች የምትሸጥ አንዲት ልጅ አየሁ። ገዢ ሲጠፋ ከጆንያው ሥር የ12ኛ ክፍል ፊዚክስ መጽሐፍ ታወጣለች። የመጽሐፉ ጠርዝ በበርበሬ ቀልቷል። ልጅቷ ከወለጋ ተፈናቅላ የመጣች ናት። «ትምህርቱስ?» ብላት፣ «ጋሼ፣ ማስረጃዬ እዚያው ቀረ፤ ያለ ማስረጃ አንመዘግብም አሉኝ» አለችኝ። «አብሽሪ» ብያት መንገዴን ቀጠልኩ። ቤቴ ገብቼ ስቀመጥ ግን ያቺ ቃል አሳፈረችኝ። ከክፍል ውጭ እንዲቀር የተፈረደበት የአንድ ሰው ታሪክ አውቃለሁና። ያ ሰው ኋላ የኢትዮጵያ አየር ኃይል አዛዥ ሆኗል።

ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን ይባላል። ፍሎሪዳ ተወልዶ ሚሲሲፒ ውስጥ ያደገ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። በታስኪጊ ትምህርት ቤት የመኪና ጥገና ተምሮ ቺካጎ ገባ። ልቡ ግን መብረር ላይ ነበር። ከርቲስ ራይት የተባለው የአቪዬሽን ትምህርት ቤት ጥቁር በመሆኑ አልቀበልም ሲለው፣ እዚያው ጽዳት ሠራተኛ ሆኖ ተቀጠረ። መምህሩ ያስተምራል፣ ሮቢንሰን ወለሉን ይጠርጋል። እጁ መጥረጊያው ላይ፣ ጆሮው ጥቁር ሰሌዳው ዘንድ ነበር። ውሎ አድሮ ትምህርት ቤቱ በተማሪነት ተቀበለው፤ አብራሪም ሆነ።

እንዲህ ያለውን ታሪክ የምንተርከው አብዛኛውን ጊዜ ጽናትን ለማስተማር ነው። የሰውየው ጽናት አያጠያይቅም። ነገር ግን መጥረጊያ የያዘ ጎበዝ ሁሉ አዛዥ አልሆነም። በመጨረሻ «ግባ» የሚለው ባያገኝ ኖሮ ሮቢንሰንም ጠራጊ እንደሆነ ባረጀ ነበር። እኔን የሚያሳስበኝ ስለ ጠራጊው ብርታት ስናወራ በሩን የሚከፍተውን ሰው መርሳታችን ነው።

የኢትዮጵያን በር የከፈተለት ደግሞ የወሎ ተወላጅ ነው። ዶክተር መላኩ በያን በዋሽንግተኑ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ሲማር፣ ጣሊያን አገሩን ለመውረር መዘጋጀቷን እያየ የጥቁር አሜሪካውያንን ሙያ ለኢትዮጵያ ይፈልግ ነበር። ሮቢንሰንን ያገኘው በዚህ መሐል ነው። አብራሪው ግንቦት 1927 አዲስ አበባ ገባ።

እዚህ አገር የቆየው እንግዳ ሁሉ የተመሰገነ እንዳይመስለን። ከትሪኒዳድ የመጣው ሁበርት ጁሊያን በ1923 የዘውድ በዓል ዋዜማ የንጉሠ ነገሥቱን አውሮፕላን ከስክሶ ተባሯል። ጦርነቱ ሲቃረብ ተመልሶ ቢመጣም አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ ከሮቢንሰን ጋር ተደባደበ። መንግሥት ሁለቱንም መዝኖ አዛዥነቱን ለሮቢንሰን ሰጠ። ማዕረጉ ኮሎኔል ነበር፤ ሥራው ግን የጄኔራል ነበር። ወደ ኋላ ሳስበው የሚደንቀኝ የውሳኔው ድፍረት ነው። በአገሩ ክፍል እንዳይገባ የተከለከለ ሰው፣ በሰው አገር የሰማዩ ጠባቂ ተደረገ።

የተረከበው አየር ኃይል ሁለት ደርዘን አውሮፕላን እንኳ አይሞላም ነበር። አንዳንዶቹ ከመሬት አይነሡም፤ የሚነሡትም መሣሪያ የላቸውም። ጣሊያን በመቶ የሚቆጠር ይዛ መጣች። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓድዋ በቦምብ ስትደበደብ ሮቢንሰን እዚያው ነበር። ከዚያ በኋላ ሥራው በአዲስ አበባና በሰሜን ግንባር መካከል መልእክት፣ ሰውና መድኃኒት ማመላለስ ሆነ። ጠላት ሲያባርረው መሸሸጊያው ደመናና ሸለቆ ነበር።

የዚያን ጊዜ የጦርነቱ ጠቅላይ ሰፈር የት ነበር? ደሴ። ንጉሠ ነገሥቱ በኅዳር ወር እዚህ ሰፈሩ። ኅዳር 26 ቀን 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማችንን ደበደቡ፤ አሜሪካውያን አድቬንቲስቶች የሚያክሙበት የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ። ንጉሠ ነገሥቱ መትረየስ ይዘው ወደ ሰማይ ሲተኩሱ የሚያሳየው ፎቶግራፍ የደሴ ፎቶግራፍ ነው። በጦሳ ተራራ ላይ ያን ሁሉ ቦምብ ጣይ ላየ ሕዝብ፣ የራሱ ወገን የሆነው አውሮፕላን አልፎ አልፎ ብቅ የሚል መሣሪያ አልባ ፖቴዝ ነበር። ይህን ሳስብ ሮቢንሰንን እንደ ሩቅ አገር ሰው ማየት ያቅተኛል።

ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ጣሊያን ደሴ ገባ። ከዚያ በኋላ ሮቢንሰን ወደ አሜሪካ ሲመለስ ቺካጎ ላይ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተቀበለው፤ የበረራ ትምህርት ቤትም ከፈተ። በዚያ ኑሮው መቆየት ይችል ነበር። ግን ከነጻነት በኋላ፣ በ1936፣ ጥቁር አሜሪካውያን ባለሙያዎችን ይዞ ተመለሰና የኢትዮጵያ ወጣቶችን በረራ ያስተምር ጀመር። በኋላ ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን አየር ኃይሉን ሊያደራጅ ሲመጣ ሁለቱ ተጋጩ፤ ሮቢንሰንም ቦታውን ለቀቀ። ፎን ሮዘንም ቢሆን ለዚህች አገር የሠራውን አልክድም። በ1928 በቀይ መስቀል አውሮፕላን ቁስለኞቻችንን ያመላለሰ፣ በሐምሌ 1969 ጎዴ ላይ የሞተ ሰው ነው። ነገር ግን አየር ኃይሉ ምንም ባልነበረው ጊዜ የታገለለት ሰው እንዲህ ወደ ዳር መገፋቱ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሮቢንሰን መጋቢት 1946 አዲስ አበባ ላይ አውሮፕላኑ ተከስክሶ ቆሰለ፤ በሁለተኛው ሳምንት አረፈና ጉለሌ ተቀበረ። በአዲስ አበባ የአሜሪካ ማዕከል በስሙ ተሰይሟል። ሰኞ ገበያ ላይ የጠየቅኋቸው ወጣቶች ግን ስሙን አልሰሙትም።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። አንዳንድ ሰው «ሮቢንሰን የሠለጠነ ባለሙያ ነበር፤ ተፈናቃይን ከሱ ጋር ምን ያገናኘዋል?» ይለኝ ይሆናል። የሚያገናኘው የክፍሉ በር ነው። እንዲያውም የልጅቷ ይብሳል። እሱ ባሕር ተሻግሮ መጥቶ በሩ ተከፈተለት፤ እሷ በገዛ አገሯ ደጅ ቆማለች። ደቡብ ወሎ በሐይቅ ጃሪ መጠለያም ሆነ በየከተማው ብዙ ተፈናቃይ ተቀብሏል። እንጀራውን ከፍሎ አብልቷል፤ በዚህ ሕዝቡ ሊመሰገን ይገባል። ግን ከእንጀራው ቀጥሎ ያለው ትምህርት ነው። ልጆቻችን በጅቡቲዋ ኦቦክ አድርገው ወደ የመን ሲሻገሩ «ሥራ አጥተው ነው» እንላለን። በራችን ላይ ያለችው ልጅ ነገ ያንኑ መንገድ ብትይዝ ምን ልንል ነው?

ስለዚህ የደሴና የኮምቦልቻ የትምህርት ኃላፊዎችን እለምናለሁ። ቤቱ ሲቃጠል ወረቀቱን ይዞ የሚወጣ የለም። ማስረጃ የጠፋባቸውን ልጆች ከትምህርት ቤት ደጅ አትመልሷቸው፤ የመመዘኛ ፈተና ስጧቸውና ያለፈው ይግባ። ይህ ትልቅ በጀት አይጠይቅም። ጥቂት መምህራን፣ አንድ ክፍልና አንድ ቅዳሜ ይበቃል። ልጅቷን ማግኘት የሚፈልግ ኃላፊ ካለ ሰኞ ሰኞ በርበሬ ተራ አትጠፋም።