እያስነጠሱ መትጋት

አዲስ አበባ ውስጥ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ጠዋቱ መቆንጠጥ ሲጀምር ከየቢሮው አንድ ዓይነት ድምፅ ይሰማል። አንዱ ይናፈጣል፤ አንዷ በሻርፕዋ ጫፍ አፏን ይዛ ትስላለች፤ ሌላው ድምፁ ተዘግቶ ስልክ በሹክሹክታ ያነጋግራል። አለቃ በመካከላቸው ሲያልፍ «እንዲህ አሞህ ገባህ? አንተማ ጀግና ነህ!» ይላል። ሁለት ጠረጴዛ አለፍ ብላ ነፍሰ ጡር ባልደረባቸው ተቀምጣለች። ለእሷ የተረፈቻት «የኔ እናት፣ አንቺ ራስሽን ጠብቂ» የምትል ምክር ናት።

የእኔ ጠብ ከዚህች ምክር ጋር ነው። ክፋት የላትም፤ ብዙ ጊዜም ከልብ ነው የምትነገረው። ሸክሙን ግን የምትጭነው በማይገባት ሰው ላይ ነው። በሽታውን ይዞ የመጣው ይወደሳል፤ በሽታው እንዳይደርስባት የምትሻው ትመከራለች።

እሺ፣ ራሷን ትጠብቅ። በምን? መስኮት ልትከፍት ተነሳች እንበል። «ኧረ ዝጊው፣ ንፋስ ይመታናል!» ሦስት ሰው በአንድ አፍ ይጮኻል። እኛ ዘንድ በሽታ የሚመጣው ከሰው አይደለም፣ ከንፋስ ነው። ጉንፋን የያዘው ሰው ትናንት ማታ በታክሲው መስኮት የገባውን ብርድ ይከስሳል እንጂ አጠገቡ ሲያስነጥስ የነበረውን ተሳፋሪ አያስታውስም። ራሱን ሲያመው ምች ነው፤ ወገቡን ሲይዘው ብርድ ነው። ጥፋተኛው ንፋስ ከሆነ ደግሞ የታመመው ሰው ለማንም አይተርፍም ማለት ነው፤ ስለዚህ በሙሉ ልብ ሥራ ይገባል። አደገኛው ግን ያ የተዘጋ ክፍል ነው። ኢንፍሉዌንዛም፣ ኮሮናም፣ ከሁሉም በላይ የሳንባ ነቀርሳም የሚመቻቸው አየሩ የማይለዋወጥበት ቤት ነው። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል መመርመር እንዳለበት የጤና ባለሙያዎች ሳይታክቱ ይናገራሉ፤ የነቀርሳ ሕክምናም በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል። ወር ሙሉ የሚስል ባልደረባዋ «ተይው፣ አለርጂክ ነው» ሲላት እሷ ምን ትመልሳለች?

ሰላምታም አለ። እጅ መጨበጥ፣ ትከሻ ለትከሻ መጋጨት፣ ጉንጭ መሳም፤ ሆዷ ሲገፋማ ሳይስማት የሚያልፍ የለም። ምሳ ላይ ሁሉም ከአንድ ትሪ ነው፤ የታመመው ጉርሻ ሲዘረጋላት እምቢ ብትል ኮራች ትባላለች። ጭምብል ብታደርግ «ምነው፣ ተጠየፍሽን?» ይመጣል። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አዲስ አበባ ውስጥ ተገኘ ሲባል እጃችንን ደረታችን ላይ አድርገን ጎንበስ ማለት በአንድ ሰሞን ተምረን ነበር። በዚያ ምክንያት የፈረሰ ወዳጅነት አላየሁም። ታዲያ ያን ልማድ ቢያንስ ጉንፋን ለያዘን ቀን ማቆየት እንዴት አቃተን?

«ጉንፋን ሰው አይገድልም» የሚለኝ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ተራው ጉንፋን አዎ፣ በአብዛኛው ያልፋል። ኢንፍሉዌንዛ ግን ሌላ ነው፤ ቢሮ ውስጥ ሁለቱን በዓይን የሚለይ ደግሞ የለም። በእርግዝና ጊዜ የሰውነት መከላከያ ይለወጣል፣ ልብ ከወትሮው በላይ ይሠራል፣ እያደገ የሚሄደው ማኅፀን ሳንባን ወደ ላይ ይገፋል። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ የምናቃጥለው፣ ከተማውን በጭስ የምንሸፍነው ለምን እንደሆነ ብዙዎቻችን ዘንግተነዋል። በ1911 ዓ.ም. የገባው የኅዳር በሽታ መታሰቢያ ነው፤ በሽታውም ያው ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነበር። ያን ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ሐሪስ የተባለ ሐኪም በበሽታው የተያዙ 1,350 ነፍሰ ጡሮችን መረጃ ሰብስቦ ሲመለከት የሞቱት ከመቶ 27 ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2012 የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ለመጀመር ወይም ለማስፋት በሚያስቡ አገሮች ነፍሰ ጡሮች ከሌላው እንዲቀድሙ መክሮ ነበር። እኛ አገር እናት ለእርግዝና ክትትል ስትሄድ የምታውቀው ክትባት የቲታነሱን ነው። ጭሱን ጠብቀን ትምህርቱን ጥለነዋል።

ከታመመች በኋላ ደግሞ እንደ ሌላው ሰው ፋርማሲ ገብታ ያገኘችውን አትውጥም፤ ብዙው መድኃኒት ይከለከላል ወይም ሐኪም ያስፈልገዋል። (ጤና አዳም በቡና እያሉ የሚያዋክቧትም ቢተዉ ደግ ነው፤ ነፍሰ ጡር ከጤና አዳም እንድትርቅ ነው የሚመከረው።)

«ራስሽን ጠብቂ»ን ከሥሩ የሚያፈርሰው ግን ሌላ ነገር ነው። አውስትራሊያዊው የዓይን ሐኪም ኖርማን ግሬግ እ.ኤ.አ. በ1941 ዓይናቸው ላይ ሞራ ይዘው የሚወለዱ ሕፃናት በዙበት። የእናቶቹን ታሪክ ሲያጣራ አብዛኞቹ እርግዝናቸው መጀመሪያ ላይ ሩቤላ ይዟቸው ነበር። ሩቤላ ለያዘው አዋቂ ቀላል ሽፍታ ነው፤ ለፅንሱ ግን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከባድ ነው። በእነዚያ ወራት ደግሞ የእኛ ሴቶች እርግዝናቸውን ይደብቃሉ። ዓይን ይፈራሉ፣ ይጨናገፍ ይሆን ብለው ይሰጋሉ፣ ዕድገት ወይም የኮንትራት እድሳት የምትጠብቀዋ አለቃዋን ትፈራለች። ሙሉ መብቷም ነው። ስለዚህ «አጠገቤ ነፍሰ ጡር ካለች እጠነቀቃለሁ» የሚለው ቅን ሰው እንኳ የሚጠነቀቀው ሆዷ ከታየ፣ ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። ጥንቃቄው ከታመመው ሰው ካልጀመረ ከየትም አይጀምርም።

የታመመውንም ቢሆን በክፋት አልጠረጥረውም። የሚያስመጣው ወረቀት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ ለታመመ ሠራተኛ የመጀመሪያውን ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት በግማሽ፣ ሌሎቹን ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ይፈቅዳል። ለዚህ ግን የሐኪም ማስረጃ ይጠይቃል። አስተዳደር ክፍሉም ለሁለት ቀን ትኩሳት ያንኑ ማስረጃ ካላመጣህ ከዓመት ፈቃድህ እቆርጣለሁ ይላል። በትኩሳት የሚንቀጠቀጠው ሠራተኛ ካርድ አውጥቶ፣ ገንዘብ ከፍሎ፣ ጤና ጣቢያ ወረፋ ይይዛል። ማን አጠገብ? ለክትትል የመጡ ነፍሰ ጡሮችና ለክትባት የታዘሉ ሕፃናት አጠገብ። ከዚህ ሁሉ ሥራ ገብቶ ጀግና መባል ይቀለዋል። አዋጁ ነፍሰ ጡርን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት ይከለክላል፣ ትርፍ ሰዓትም ይከለክላል፤ መልካም ነው። በጠራራ ፀሐይ አጠገቧ ስለሚያስነጥሰው ባልደረባ ግን የሚያስብላት የለም።

ቀን ሠርቶ ቀን የሚበላውን ሰው ቤትህ ተኛ ልለው አልችልም፤ ወቀሳዬ ደመወዙ ወር ጠብቆ የሚገባለትንና የሚያሠራውን መሥሪያ ቤት ነው። «ይህ ማግለል ነው» የሚሉኝም አሉ። ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ሰዎችን ስናገል ያደረስነውን በደል የምናስታውስ ሁሉ ነገሩ ቢያስፈራን አይገርምም። ነገር ግን ያኔ ሰው ያገለልነው በመጨባበጥና አብሮ በመብላት በማይተላለፍ በሽታ ነበር። ኢንፍሉዌንዛ በትንፋሽ ይተላለፋል፣ የሚተላለፍበትም ጊዜ በአብዛኛው ከሳምንት አይበልጥም። እየደወሉ እየጠየቁ፣ አጥሚት እየላኩ ቤት ማስተኛት ማግለል አይባልም።

የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች፣ አዋጅ እስኪሻሻል መጠበቅ አያስፈልጋችሁም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ያለ ሐኪም ወረቀት፣ በስልክ ጥሪ ብቻ ፍቀዱ፤ ከዓመት ፈቃድም አትቁረጡ። እየሳለ የገባውንም «ጀግና» ማለት ትታችሁ ወደ ቤቱ ሸኙት።